ሜዲካሉ ለማን ነው? ስንቀጠር የሚመረመረው፣ ከተቀጠርን በኋላ የሚረሳው ጤናችን

ሥራ ስታገኙ ከኤች አር የምትሰሙት የመጀመሪያ ቃል "እንኳን ደስ አላችሁ" ከሆነ፣ ሁለተኛው "ሜዲካል አምጡ" ነው። ከዚያ ያለው የታወቀ ነው፤ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ መሰለፍ፣ ደም መስጠት፣ ራጅ መነሳት፣ ማህተም ማስመታት። ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይገባል። በቃ፣ አለቀ።

አሁን አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ያ ወረቀት ከፋይሉ ዳግም የወጣበትን ቀን ታስታውሳላችሁ? ሁለት ዓመት ከሠራችሁ በኋላ "ኑ እስቲ፣ ሥራው ምን አድርጓችሁ እንደሆነ እንይ" ያላችሁ አለቃ አለ? ካለ እድለኞች ናችሁ። ከሌለ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

የምንለው አጭር ነው፦ ሁለተኛው ምርመራ ከሌለ የመጀመሪያው የሚጠቅመው አሠሪውን ብቻ ነው። ጤነኛ መርጦ ለማስገባት ይረዳዋል። ጤነኛ ሆነው የገቡት ከውስጥ ምን እየሆኑ እንደሆነ ግን ማንም አያይም።

▪️ አንድ ምርመራ፣ ሁለት ጥያቄ

የቅጥር ምርመራ የሚጠይቀው "ይህ ሰው ለሥራው ይሆናል ወይ?" ብሎ ነው። የጤና ክትትል ደግሞ ጥያቄውን ይገለብጠዋል፦ "ይህ ሥራ ለሰውየው ይሆናል ወይ?" በመጀመሪያው ጥያቄ ተጠርጣሪው ሠራተኛው ነው። በሁለተኛው ተጠርጣሪው ማሽኑ፣ ኬሚካሉ፣ አቧራው፣ ጩኸቱ ነው።

እስቲ አንዲት ልጅ እናስብ። 22 ዓመቷ ነው። ከገጠር መጥታ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ገባች። ስትገባ ሳንባዋም ጆሮዋም ደህና ነው። አራት ዓመት ሠራች። አሁን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ጓደኞቿ ሲያወሯት "እ? ምን አላችሁ?" ማለት አብዝታለች። ክሊኒክ ስትሄድ "አለርጂ ይሆናል" ተባለች። ሐኪሙ ሥራዋ ምን እንደሆነ አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም። ፋብሪካው "በእኛ ምክንያት እንደታመምሽ በምን ይታወቃል?" ቢላት ምን ታሳያለች? ምንም። ስትገባ የሳንባዋን አቅም የለካ የለም፤ የጆሮዋንም የለካ የለም።

ልጅቷ ለምሳሌ ያመጣናት ናት። ታሪኩ ግን ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይመስለንም።

▪️ ህጉ ምን ይላል?

ህግ የለም እንዳይባል፣ ህግ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። የዓለም የሥራ ድርጅትን (አይ ኤል ኦ) የሙያ ደህንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155 ኢትዮጵያ ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ድርጅቱ በ2022 ደግሞ ጤናማና ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል።

ወደ ቤታችን ስንመጣ፣ በግል ድርጅቶችና በመንግሥት የልማት ድርጅቶች ላይ የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንቀጽ 92 አሠሪው ላይ ከጣላቸው ግዴታዎች ውስጥ እነዚህ አሉ፦

✅ ሠራተኛው ሥራው ምን አደጋ እንዳለውና እንዴት እንደሚጠነቀቅ እንዲያውቅ ማድረግ
✅ የአደጋ መከላከያ ዕቃ ማቅረብ
✅ የደህንነት ኃላፊ መመደብ፣ የሙያ ደህንነትና ጤንነት ኮሚቴ ማቋቋም
✅ በሥራ ላይ የደረሰ አደጋንና በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታን መመዝገብና ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ
✅ እንደ ሥራው ጠባይ አዲስ የሚቀጠሩትንና አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን ሠራተኞች በራሱ ወጪ ማስመርመር

"በራሱ ወጪ" የሚለውን ደግማችሁ አንብቡት። ሥራው የሚጠይቀውን ምርመራ ከኪሳችሁ ከፍላችሁ የገባችሁ ብዙ ናችሁ አይደል? በነገራችን ላይ ኤች አይ ቪ ከዚህ ምርመራ ተለይቶ ወጥቷል። አገሪቱ የገባችው ዓለም አቀፍ ግዴታ ካላስገደደ በስተቀር ማለት ነው።

ታዲያ ቀዳዳው የት ጋ ነው? አዋጁ አደገኛ ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ እንደ አስፈላጊነቱ ይመርመር ይላል እንጂ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ብሎ አይቆርጥም። "አስፈላጊ ነው" የሚለው ማነው? በተግባር ወጪውን የሚከፍለው ወገን ነው። ወጪ ያለበት ነገር ደግሞ "አስፈላጊ" ሆኖ የሚታየው የሚቆጣጠር ሲመጣ ነው።

▪️ መነሻ ቁጥር ከሌለ ምርመራው ባዶ ነው

ወደ አበባ እርሻ እንሂድ። ኦርጋኖፎስፌትና ካርባሜት የሚባሉ የተባይ ማጥፊያ ዓይነቶች አሉ። እነዚህ ኬሚካሎች ሰውነታችን ውስጥ ያለውን ኮሊኒስቴሬስ የተባለ ኢንዛይም ሥራ ያስቆማሉ። ይህ ኢንዛይም የነርቭ መልእክትን "አሁን ይበቃል" ብሎ የሚዘጋ ነው። እሱ ሲወርድ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ላብ፣ የዓይን መደንገዝ ይመጣል። ሲከፋ ትንፋሽ እስከመከልከል ይደርሳል።

በደም ምርመራ ይለካል። ችግሩ መጠኑ ከሰው ሰው ይለያያል። ለእኔ ልኩ የሆነው ቁጥር ለአንቺ ግማሽሽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መርጫ ሳይነኩ በፊት የተለካ የራስ ቁጥር ከሌለ፣ በኋላ የሚመጣው ውጤት ብቻውን ብዙ አይናገርም።

የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት መርዝ ለሚረጩ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ይህን ክትትል ታደርጋለች። ደንቡ እንዲህ ነው፤ የሠራተኛው መጠን ከራሱ መነሻ ወደ 80 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ አሠሪው የሥራውን አካሄድ መመርመር አለበት። መርጫው ያፈስሳል ወይ? ልብሱ የት ይታጠባል? ጓንቱ ተቀዷል ወይ? በቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው ወደ 70 በመቶ ከወረደ ደግሞ ሠራተኛው ከመርዙ ይርቃል፤ የሚመለሰው እንደገና 80 በመቶ ሲደርስ ነው። ልብ በሉ፣ ቁጥሩ ሲወርድ መጀመሪያ የሚፈተሸው ሰውየው ሳይሆን ሥራው ነው።

ጩኸትም እንደዚሁ ነው። በሥራ ጤና ባለሙያዎች ዘንድ በስፋት የሚታወቀው ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። የአሜሪካው የሙያ ጤና ተቋም (ናዮሽ) ስሌት ደግሞ ጩኸቱ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር መቆየት የሚቻልበት ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል ይላል፦ 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 91 ከሆነ 2 ሰዓት፣ 94 ከሆነ 1 ሰዓት። ወፍጮ ቤት፣ ብረታ ብረት ቤት፣ ጣውላ ቤት የሚውል ሰው ይህን ሲሰማ ይስቅ ይሆናል። ግን በጩኸት የሞተ የጆሮ ውስጥ ሴል አይበቅልም። ጉዳቱ መጀመሪያ የሚይዘው ቀጫጭኑን ድምፅ ስለሆነ ለዓመታት ሳይታወቅ ይቆያል። በየዓመቱ የሚደረግ የመስማት ምርመራ ግን ቀድሞ ያየዋል።

▪️ ሰኞ ሰኞ የሚጨንቅ ደረት

የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው ቢሲኖሲስ የሚባል የሳንባ በሽታ አለ። ምልክቱ የሚገርም ነው፤ ከእረፍት ቀን በኋላ ሥራ ሲጀመር ደረት ይጨንቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ሳምንቱ ሲገፋ ይለቃል። እሁድ አርፈው ሰኞ ሲመለሱ ደግሞ ይነሳል። ለዚህ ነው "የሰኞ ትኩሳት" የሚባለው። ሠራተኛዋ "ሰኞ ሰኞ ይደብረኛል" ትላለች፣ አለቃዋ "ስንፍና ነው" ይላል። ነገሩ እየቆየ ሲሄድ ሰኞ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ሁልጊዜ ይሆናል፤ ያኔ ለመመለስ አስቸጋሪ ነው።

በሽታውን ቀድሞ ለመያዝ ውድ ማሽን አያስፈልግም። ስፓይሮሜትር የሚባል፣ ተነፍቶበት የሳንባን አቅም የሚለካ መሣሪያ ይበቃል። ከእረፍት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቀን ሥራ ሳይጀመር ይለካል፣ ሲወጡ ይለካል፣ ልዩነቱ ይታያል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው የጥጥ ብናኝ ደንብ ላይ ይህን ግዴታ አድርጋዋለች።

ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ከአንድ ክፍል የአንዲት ልጅ ውጤት ቢወርድ የራሷ ጤና ሊሆን ይችላል። የስድስት ልጆች አብሮ ቢወርድ ግን የታመመው ክፍሉ ነው። መፍትሔውም ስድስቱን በሌላ ስድስት መቀየር አይደለም፤ ብናኙን የሚስበውን ማሽን መጠገን ነው። ክትትል ከሌለ ግን ስድስቱም አንድ በአንድ "አልተስማማኝም" ብለው ይለቃሉ፣ አዲስ ይቀጠራል፣ ፋብሪካው ጤነኛ መስሎ ይቀጥላል።

▪️ "ብመረመር ያባርሩኛል"

የምርመራ ነገር ሲነሳ ከሠራተኛው ራሱ የሚመጣ ፍርሃት አለ። "ችግር ከተገኘብኝስ?" ይላል። ትክክለኛ ፍርሃት ነው። ምርመራ የማባረሪያ መንገድ ከሆነ ማንም እውነቱን አይናገርም። ሳሉን ይውጣል፣ "ደህና ነኝ" ይላል።

የአሜሪካ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች ታሪክ እዚህ ላይ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ህግ ሁለት ነገር ሰጣቸው። አንደኛ፣ ነፃ የደረት ራጅ። ሁለተኛ፣ ከአቧራው የተነሳ የሳንባ በሽታ ምልክት የታየበት ሠራተኛ አቧራ ወደሚያንስበት ቦታ የመዛወር መብት፣ ደመወዙ ሳይቀነስ። ሁለተኛው ባይኖር አንደኛውን ደፍሮ የሚነሳ ስንት ሰው ይገኝ ነበር?

ይህ መብት ቀላል እንዳልሆነ በ2025 ታይቷል። በዚያ ዓመት ኤፕሪል ላይ የአሜሪካ መንግሥት ራጁን የሚያነበውን ተቋም ናዮሽን ሠራተኞች በጅምላ ሲቀንስ፣ ክትትሉ ቆመ። አንድ የዌስት ቨርጂኒያ ማዕድን ሠራተኛ ፍርድ ቤት ሄደ። በሜይ ወር ዳኛዋ ፕሮግራሙ ወደ ሥራ እንዲመለስ አዘዙ። አንድ ሠራተኛ መንግሥትን የከሰሰው ለገንዘብ አልነበረም፤ ራጅ ይነሳልኝ ብሎ ነው። እኛም አገር ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች የአገር ውስጥ ከሰል ማውጣት እየሰፋ ነው። ጥያቄው ወደ እኛም እየመጣ ነው ማለት ነው።

የእኛ አዋጅ ሠራተኛ ቅሬታ ስላቀረበ ብቻ ሊሰናበት አይችልም ይላል። የጤና መረጃም ቢሆን እንደልብ የሚዘራ አይደለም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ይመድበዋል። የምርመራ ውጤታችሁ በአለቃ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የሚያድር ወረቀት መሆን የለበትም። የጎደለን፣ በክትትል ችግር የተገኘበት ሰው ሥራውና ደመወዙ እንደማይነካ በግልጽ የሚናገርና የሚተገበር ዋስትና ነው።

▪️ ገንዘቡም እዚህ ጋ ነው

በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ በአዋጁ እንደ ሥራ ላይ አደጋ መብት ያስገኛል። የሕክምና ወጪው የአሠሪው ነው። ሠራተኛው መሥራት ሲያቅተው ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ለቀሪዎቹ 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ይከፈለዋል። ዘላቂ የአካል ጉዳት ካመጣ ደግሞ ካሳ ወይም ጡረታ አለ።

ይህ ሁሉ ግን የሚቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ በሽታው ከሥራው እንደመጣ መታወቁ። እግር ማሽን ቢቆርጠው ምስክር አለ፣ ደም አለ፣ ቀን አለ። ሳንባ በአራት ዓመት ሲደክም ምስክሩ ማነው? ስትገቡ የተለካው ቁጥርና በየዓመቱ የተለካው ቁጥር ብቻ ነው። በዚያ ላይ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ልዩ ጊዜ ካልተቀመጠ በስተቀር ክስ የማቅረቢያው ጊዜ በጠቅላላው 1 ዓመት ነው። ቀስ ብሎ የሚመጣ በሽታና ቶሎ የሚዘጋ በር!

▪️ ዐረብ አገር ለሚሄዱትም

"ፊት" እና "አንፊት" የሚሉትን ቃላት ለመሄድ የተሰለፈ ሁሉ ያውቃቸዋል። ያም ምርመራ የመግቢያ ምርመራ ነው፤ ተቀባዩን አገር ይጠብቃል። እዚያ ከደረሱ በኋላስ? ኳታር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ውሳኔ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከጠዋቱ 4:00 እስከ ቀኑ 9:30 በእኛ ሰዓት ፀሐይ ላይ መሥራት ተከልክሏል፤ ሠራተኞቹም በየዓመቱ እንዲመረመሩ ታዟል። ጥሩ ጅምር ነው። ግን የታሰበው ውጪ ለሚሠራ ሰው ነው። በር ተዘግቶባት ቤት ውስጥ የምትሠራ እህታችን ጋ አይደርስም። የምትተነፍሰውን በረኪና፣ የማታርፈውን ወገብ የሚለካላት የለም።

▪️ "ወጪው ከየት ይምጣ?"

የአሠሪዎችን ጥያቄም እንስማ፤ ውሸት አይደለም። ዶላር በጠፋበት፣ መለዋወጫ በተወደደበት ጊዜ ተጨማሪ ወጪ ይከብዳል። ግን ለምን እያንዳንዱ ብቻውን ይሸከመዋል? ሀዋሳም ሆነ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአንድ ግቢ ብዙ ፋብሪካ አለ። አንድ የጋራ ክሊኒክ፣ አንድ ስፓይሮሜትር፣ አንድ የመስማት መለኪያና የሠለጠነ ባለሙያ ለሁሉም ያገለግላል። ለወፍጮ ቤቱና ለጋራዡ ደግሞ ጤና ጣቢያው ቢያንስ አንድ ጥያቄ ካርዱ ላይ ይጨምር፦ "ሥራህ ምንድን ነው?" ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ሐኪሞች ይህን እንዲጠይቁ የመከረው እ.ኤ.አ. በ1700 ነው። ከ300 ዓመት በላይ ሆኖታል።

▪️ ነገ ጠዋት ምን ማድረግ እንችላለን?

1. ሜዲካላችሁን ከማስገባታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ኦሪጅናሉ የእነሱ ፋይል ውስጥ ነው፤ ቅጂው ግን የእናንተ ማስረጃ ነው።

2. ሐኪም ጋ ስትሄዱ ባትጠየቁም ሥራችሁን ተናገሩ። ምን እንደምትነኩ፣ ምን እንደምትተነፍሱ፣ ስንት ዓመት እንደሠራችሁ። ካርዱ ላይ እንዲጻፍም ጠይቁ።

3. ስልካችሁ ላይ ነፃ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫኑ። እንደ ባለሙያ መሣሪያ አይታመንም፤ ግን ይጠቁማል። አፕ ባይኖርስ? አጠገባችሁ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር የምትጮኹ ከሆነ ጩኸቱ ከልክ ማለፉ አይቀርም።

4. የሚሰማችሁን በቀን ጻፉ። "ሰኞ፣ ደረቴ፣ ከምሳ በፊት።" ሦስት ወር የተጻፈ ማስታወሻ ከ"ያመኛል" የበለጠ ይናገራል።

5. አንድ ሰው ብቻውን አይጠይቅ። በሠራተኛ ማህበሩ ወይም በደህንነት ኮሚቴው በኩል በጽሑፍ ጠይቁ፦ "አንቀጽ 92 መሠረት ምርመራችን መቼ ነው?" መልስ ከሌለ የአካባቢያችሁ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አሉት።

6. አደጋው ሕይወትን ወይም ጤናን የሚያሰጋና ደጅ የደረሰ ሆኖ፣ አሠሪው ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት በጊዜው ካላስተካከለ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችል ራሱ አዋጁ አንቀጽ 32 ላይ ያስቀምጣል። ከዚህ በፊት ግን የህግ ምክር ጠይቁ።

ሲጠቃለል፣ አገራችን ወጣት ሠራተኛ ሞልቷታል፤ አንዱ ሲደክም ሌላው በር ላይ ተሰልፏል። ክትትሉ የተረሳውም አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለናል። መተካት ከመጠገን ረከሰ። ሰልፉ ላይ የቆመው ግን የእኛው ታናሽ ወንድም፣ የእኛው ታናሽ እህት ነው። ነገ እነሱም "ሜዲካል አምጡ" ይባላሉ፤ ወረቀቱም ፋይል ውስጥ ይገባል።

ያን ፋይል በየዓመቱ የሚከፍት ሰው እንዲኖር እንጠይቅ። እናንተስ፣ ከተቀጠራችሁ በኋላ ተመርምራችሁ ታውቃላችሁ? ፋብሪካ፣ እርሻ፣ ጋራዥ ውስጥ ለሚሠራ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።